ሸኪብ ቶል የከፈለባት እሁድ

ሸኪብ የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ገና ጢም ሳያበቅል በአጎቱ ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆኖ አዲስ አበባ ገባ። ጎማ እየቀየረ፣ ሸራ እያሰረ፣ ዳገት ላይ ታኮ እያስገባ መንዳት ተማረ። አሁን ጺሙ በሒና ቀልቷል። ቃሊቲ ከማረሚያ ቤቱ ወረድ ብሎ ቤት ሠርቷል፤ ከውሲን አግብቶ አራት ልጆች ወልዷል፤ የራሱ የሆነች አንዲት አሮጌ ኢሱዙም አለችው። ከመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም እየጫነ ለሳሪስ አቦ ነጋዴዎች ያደርሳል። ሥራህ ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁት ግን “መንገድ” ብሎ ነው የሚመልሰው።

መንገድ ሲል አሮጌውን ማለቱ ነው። ገላን ላይ ጎሚስታው ቢቂላ ከጎማ ክምሩ መሀል ብድግ ብሎ “አካም፣ ሸኪብ!” ይለዋል። ዱከም ጠጄ ቁርስ ቤቷን ከፍታ ትጠብቀዋለች። ቢሾፍቱ ሲደርስ ትራፊኩም፣ ዓሣ ሻጩም፣ ባጃጅ ነጂውም ያውቁታል። ሞጆ እስኪደርስ አንድ እጁ ለሰላምታ እንደተነሳ ነው፤ መሪውን የሚይዘው በሌላው ብቻ ነው።

ከቱሉ ዲምቱ የሚነሳው የፍጥነት መንገድ ሲከፈት ጓደኞቹ ሁሉ ወደዚያ ዞሩ። ሸኪብ ብቻ በእምቢታው ጸና።

“መሬት ላይ ለመሄድ ብር?” ይላል። “ነገ ደግሞ ለመተንፈስ ካርድ ቁረጡ ይሉናል!”

ሾፌሮቹ ይስቁበታል፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል። የልቡን ግን አይናገርም። ጉዳዩ የብር አልነበረም። አዲሱ መንገድ ከተከፈተ ወዲህ ጠጄ ጋ ለቁርስ የሚቆሙት መኪኖች ተመናምነው ነበር፤ እሱም ተጨምሮ ጥሏት መሄድ ከብዶት ነው።

እንዲህ ሆኖ ሳለ ሦስተኛ ልጁ ኢሽራቅ ከኮሌጅ ተመርቃ ሥራ ስትፈልግ ከረመችና አንድ ማታ እየሮጠች ገባች።

“አባዬ፣ ሥራ አገኘሁ!”

“አልሐምዱሊላህ! የት?”

“ቱሉ ዲምቱ። ቶል ላይ፣ የመንገድ ክፍያ ተቀባይ።”

ከውሲ እልል አለች። ሸኪብ ሻዩን ማማሰል ያዘ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል፤ እሱ ግን ያማስላል። በኋላ ቀና ብሎ “አላህ ያበርክትልሽ” አላት። ከልቡ ነው ያላት።

ከዚያ በኋላ ሰላም የነሱት ሾፌሮቹ ናቸው። ገበያ በተገናኙ ቁጥር አንዱ መጥቶ “ጋሽ ሸኪብ፣ ዛሬ ልጅዎ ነች ያስከፈለችኝ፤ እንዴት ያለች ጨዋ ናት!” ይለዋል። ሌላው “እኔንማ ‘ቁርስ በልተዋል?’ ብላ ጠየቀችኝ፤ ሚስቴ እንኳ ጠይቃኝ አታውቅም” ይላል። አገር ምድሩ ኢሽራቅን ሥራዋ ላይ አይቷታል፤ አባቷ ብቻ አላያትም። ሸኪብ ቅናት መሆኑን ለራሱም ባያምንም፣ ሾፌሮቹ ስሟን ሲያነሱ ወሬ ይቀይር ጀመር።

አንድ የጥር እሁድ ማለዳ ወደ መቂ ሲወርድ እንደልማዱ ዱከም ላይ ቆመ። ጠጄ ፉሉን አስቀመጠችለትና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

“ልጅቷን አየሃት?” አለችው።

“ማታ ማታ አያታለሁ።”

“ሥራ ላይ ነው የምልህ።”

“በዚያ ከሄድኩ አንቺ ጋ ማን ቁርስ ይበላል?”

ጠጄ ትን እስኪላት ሳቀች። “አንተ ሰውዬ! ይሄን ሁሉ ጊዜ ከሰው ጋር የምትሟገተው በኔ የተነሳ ነው እንዴ? ቁርስ የሚበላው ጠዋት ነው። ስትመለስ በዚያ ሂድ። እኔ ከሰዓት ዘግቼ ዕድሬ እሄዳለሁ፤ ያንተን ኢሱዙ ስጠብቅ የምውል መሰለህ?”

ሸኪብ ሳያስበው ዳቦውን አስቀመጠ። አንድ ከባድ ጭነት ከትከሻው ላይ የወረደለት መሰለው። ትንሽም አፈረ።

መቂ ላይ ሽንኩርቱን እስከ ግማሽ ጭኖ ተመለሰ። ሞጆ ሲደርስ ወደ አዲሱ መንገድ ታጠፈና ካርዱን ተቀበለ። መንገዱ ሰፊ ነው፤ ጉድጓድ የለ፣ አህያ የለ፣ በግራና በቀኝ የጤፍ ጭድ ክምር ብቻ። ሰላም የሚለው ሰው ቢያጣ አንድ የመንገድ ጠራጊ ሴት አይቶ እጁን አነሳላት። እሷም ግራ ተጋብታ አነሳችለት።

ቱሉ ዲምቱ ክፍያው ጋ ሲደርስ ባዶ መስመሮች ነበሩ። እሱ ግን ፍጥነቱን ቀንሶ በየመስኮቱ ሲያጮልቅ ቆየና የኢሽራቅን አረንጓዴ ሻርፕ ያየበት፣ ሰልፉ ረጅም የሆነበት መስመር ውስጥ ገባ። ከኋላው አበባ የተለጠፈባቸው መኪኖች ተከትለው ገቡ፤ ሙሽራ ይዘው ከቢሾፍቱ የሚመጡ ሰርገኞች ነበሩ።

ተራው ደረሰ። ኢሽራቅ ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ነበር፤ እጇን ብቻ ወደ ውጭ ዘረጋች።

“እንደምን ዋሉ? ካርድዎን ይስጡኝ።”

ሸኪብ ካርዱን እንደያዘ ቀረ። ልጁ አንቱ ስትለው የመጀመሪያዋ ነው። ድምጿ ረጋ ያለ፣ የትልቅ ሰው ድምጽ ነው። ኮረዳ ሳለች ከወንድሟ ጋር ስትጣላ ጣራ የምታነሳዋ ልጅ የት ሄደች?

“ካርድዎን፣ አባት” አለችና ቀና አለች። ዓይኗ ፈጠጠ። “አባዬ! መንገድ ጠፋህ እንዴ?”

“አልጠፋሁም። ልከፍል መጣሁ።”

ከዚያ ሸኪብ ሰው ቤት ገብቶ ሰላም እንደሚል ሰው ሞተሩን አጠፋ።

ባጠፋው ቅጽበት ክው አለ። ሞተሩን የሚያስነሳው የኢሱዙዋ ሞተሪኖ ከተበላሸ ሰንብቷል፤ ሁልጊዜ ቁልቁለት ፈልጎ ነው የሚያቆማት፤ ሜዳ ላይ አጥፍቷት አያውቅም። ቁልፉን አዞረ፤ ቀጭ። ደግሞ አዞረ፤ ቀጭ። ብሩን ከፍሎ፣ ደረሰኙን ተቀብሎ፣ መዝጊያው ብረት ከፊቱ ተነስቶለት መኪናዋ ግን ንቅንቅ አልል አለች። ከኋላ የሰርገኛው ጡሩምባ ቀለጠ።

“አባዬ፣ ምነው?”

“ሞተሪኖዋ አይሠራም” አለ፣ ላቡን እየጠረገ። “ወላሂ ዛሬስ አዋረድኩሽ።”

“ምን ታዋርደኛለህ!” አለች ሳቋ እያመለጣት። ከመስኮቷ ብቅ ብላ ወደ ኋላ ጮኸች። “ወንድሞቼ፣ እባካችሁ አንድ ጊዜ ግፉልን! አባቴ ነው!”

ሚዜዎቹ ከመኪናቸው ዘለው ወረዱ። የአብስራ የሚባለው አንደኛ ሚዜ ኮቱን አውልቆ ለሙሽራዋ አስያዘና እጅጌውን ሰበሰበ።

“ፋዘር፣ ምን ጭነው ነው?” አለው።

“ሽንኩርት።”

“በቃ፣ ዛሬ ሁላችንም እናለቅሳለን!”

ነጭ ሸሚዝ የለበሱ ጎረምሶች ኢሱዙዋን ከኋላ ተደገፏት። የሰርግ ዘፈናቸውን ሳያቋርጡ፣ በጭብጨባው ፋንታ እየገፉ ነዷት። ሙሽራው ራሱ ሊወርድ ሲል ሙሽራዋ በከረባቱ ይዛ አስቀረችው። ሸኪብ በሁለተኛ ማርሽ የረገጠውን ፍሪሲዮን ለቀቀ፤ ኢሱዙዋ አንዴ ተንደረደረች፣ አስነጠሰች፣ ጥቁር ጭስ ተፋችና ተነሳች። መስመሩ ሁሉ አጨበጨበ። ሸኪብ ዳር ይዞ ወረደ፤ ሞተሩን ግን አላጠፋም። ከጭነቱ ላይ ለቤቱ ያሰበውን አንድ ጆንያ ሽንኩርት አውርዶ ለየአብስራ አሸከመው።

“ይሄ ለወጡ ነው። አላህ ትዳሩን ያጽናው።”

“ፋዘር፣ ከነጆንያው ነው ፎቶ የምንነሳው!” አለ የአብስራ። እንዳለውም አደረጉ፤ ሽንኩርቱ መሀል፣ ሸኪብ ከሙሽሮቹ ጎን፣ ሒና ጺሙ ከጽጌረዳው ጋር ተስማምቶ።

የኢሽራቅ ፈረቃ ሊያልቅ ጥቂት ነበር የቀረው። ሸኪብ ኢሱዙዋን ዳር ላይ እያጓራች ትቶ፣ በሩን ተደግፎ ከሩቅ ያያት ጀመር። ካርድ ትቀበላለች፣ አንድ ነገር ትላለች፣ ሾፌሩ ይስቃል፣ ብረቱ ይነሳል። አንዱ ባለ ቪትስ ጮኸባት፤ እሷ ፊቷን ሳትቀይር መልስ ሰጠችው፤ ሰውዬውም ሲሄድ እጁን አነሳላት። ሸኪብ ብቻውን “ማሻአላህ” አለ።

ፈረቃዋን ጨርሳ ጋቢና ስትገባ መጀመሪያ ጫማዋን ነው ያወለቀችው።

“እውነቱን ንገረኝ፣ ለምን መጣህ?”

“ፈርቼ ነበር” አለ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል። “ሰው እየተሳደበ ካርድ የሚወረውርብሽ እየመሰለኝ። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼባቸዋለሁ፣ እንደኔ ያለ ሲገጥምሽ ምን ትሆኛለሽ እያልኩ። ዛሬ በዓይኔ ልይሽ ብዬ መጣሁ።”

“ይገጥመኛል። ግን ቤት ውስጥ ሾፌር ሲያኮርፍ እያየሁ ነው ያደግኩት። ቁርስ በልተህ እንደሆነ ስጠይቅህ ትለሳለስ የለ? እነሱም እንዳንተው ናቸው።”

ሸኪብ መሪውን እየመታ ሳቀ። ለካ ያ ሁሉ ሾፌር የሚያወራላት ጥያቄ የተለማመደችው በሱ ላይ ነው።

ቃሊቲ መናኸሪያ አካባቢ መንገዱ ተጨናንቆ ቆሙ። ኢሽራቅ ማርሹን እያየች ቆየችና “መንዳት አስተምረኝ” አለችው።

“በዚች? በግፊት የምትነሳ መኪና?”

“መጀመሪያ ሞተሪኖዋን አሠራት።”

አሠራት። ዛሬ ሸኪብ ጠዋት በአሮጌው ይወርዳል፤ ልጁ የከሰዓት ፈረቃ በሆነች ቀን በአዲሱ ይመለሳል። ዕረፍቷ ሲሆን ደግሞ ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ አባትና ልጅ አይጠፉም። ኢሽራቅ ትራስ ላይ ተቀምጣ መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣለች። ሸኪብ ከጎኗ ሆኖ “ፍሪሲዮን! ፍሪሲዮን ርገጪ!” እያለ ይጮሃል፤ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ጎላቸውን ተሸክመው ዳር ይይዛሉ።