ለአንድ መርፌ የተቀመጠ ሽምግልና

ፀሐይቱ እዚህ ልደታ ኮንዶሚኒየም ጎረቤቴ ናት፤ በራችን ፊት ለፊት ነው። ፍርድ ቤቱ አጠገብ ሻይ ትሸጣለች። ጠበቃም ይሁን ዳኛ ወረፋ ሊዘል ሲሞክር "ጌታው፣ እዚህ ይግባኝ የለም" ብላ ወደ ኋላ የምትመልስ ሴት ናት። ሦስተኛ ልጇን ስትወልድ ግን ብዙ ደም ፈሷት ለጥቂት ተረፈች። ሐኪሙም "ከእንግዲህ ካረገዝሽ ልትሞቺ ትችያለሽ" ብሎ አስጠነቀቃት።

የሦስት ወር መርፌ ልትወጋ ሰፈራችን ያለ ክሊኒክ ሄደች። ነርሷ ከፀሐይቱ ባል ከሓይሎም ጋር አንድ ማኅበር ይጠጣሉ። "እሱ ሳይፈቅድ አልወጋሽም" ብላ መለሰቻት። ይህ አልበቃ ብሏት ደውላ ነገረችው። ሕገ መንግሥቱ የቤተሰብ ምጣኔን መብት የሰጠው ለሴቷ ነው፤ ባልሽን አስፈቅጂ የሚል ቃል የለበትም። ነርሷ የማንን ሕግ እንደምታስከብር እሷው ትወቀው!

ሓይሎም ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሽማግሌ ሰበሰበ። ሦስት ወንዶች እኔ ሳሎን ተደርድረው ስለ አንዲት ሴት ማሕፀን መከሩ። ዋናው ሽማግሌ ደግሞ የእኔው ባል ወልደገብርኤል ነው።

"ልጄ፣ ልጅ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው። ሲበቃ እሱ ራሱ ይዘጋዋል። ለእኛም ሁለት ሰጥቶን ዘጋ፤ አላማረርንም" አላት።

ለስላሳ እያቀረብኩ ነበር። ጠርሙሱን አናቱ ላይ ብከሰክሰው ደስ ይለኝ ነበር።

ፀሐይቱ አንገቷን አልደፋችም። "ጋሼ፣ እኔ ስሞት ልጆቼን እርስዎ ያሳድጉልኛል?" አለችው።

"ክፉ አትናገሪ" አላት። ይሄ መልስ ነው?

በማግስቱ ጠዋት እጇን ይዤ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። እዚያ ስለ ባል የጠየቃት የለም። ተወግታ ወጣችና ታክሲ ውስጥ እስክንገባ ድረስ አለቀሰች። እኔ ግን ንዴቴ አልበረደም።

ወልደገብርኤል ፊቱን አጥቁሮ ጠበቀኝ።

"ማን ነው የወሰዳት?"

"እኔ።"

"አንቺ ደግሞ እዚያ ቤት ምን አገባሽ? መንገዱን ማን አሳየሽ?"

ነጠላዬን አውልቄ ሶፋው ላይ፣ ትናንት ከተቀመጠበት ቦታ ላይ ወረወርኩት።

"ሁለት ሰጥቶን ዘጋ አላልክም? የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ እዚያው ጤና ጣቢያ። በል አሁን ሽማግሌዎችህን ጥራ።"