ገቢ ይሁንልኝ

ወለላና ቤተሰቧ ሉማሜ መንገድ ዳር፣ ከእርሻቸው ጥግ በከፈቷት ሱቅ አንድ ደንብ አላቸው፤ ለብስባሽ ማዳበሪያ ጉድጓዳቸው የአትክልት ልጣጭ ያመጣ ሰው ጎመን ይዞ ይሄዳል። ሌላው ሰው ልጣጩን በፌስታል አንጠልጥሎ ይመጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአውቶቡስ የሚወርዱት ሽማግሌ ግን በክላሰር አቅፈው ነው የሚያመጡት። ኮታቸው ክርኑ ላይ ሳስቷል፤ የደረት ኪሳቸው ላይ ሦስት እስክርቢቶ ተሰክቷል። ጫማቸውን ጠርገው ይገቡና የድንቹን ልጣጭ በሁለት እጃቸው ያቀርባሉ።

«ገቢ ይሁንልኝ፤ ቁጥርም ይሰጠው።»

ወለላ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ቁጥር ትጽፍላቸዋለች።

«ያለፈው ሳምንትስ ከምን ደረሰ?»

«መበስበስ ጀምሯል ጋሼ።»

«ተመስገን! የሚያየው ሰው አለ ማለት ነው።»

ጎመኑንማ ስንቴ ረስተውት ሄደዋል።

ባለፈው ቅዳሜ ከልጣጩ ሥር እጥፋቱ የተበላ ማመልከቻ ወጣ። ወለላ ቀኑን ብታይ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል።

«ጋሼ፣ ይኼ ሳያውቁት ገብቶ ነው መሰል» ብላ ልትመልስላቸው ዘረጋችው።

አልተቀበሏትም።

«አውቄ ነው ልጄ። ከቢሮ ቢሮ ይዤው ስዞር ኖሬያለሁ፤ እዚህ ቢያንስ ይበሰብሳል።»