ከቻይና የመጣ ማተብ

በደርግ ጊዜ ወደ ሱዳን ልወጣ ስል ያዙኝና ጎንደር ወህኒ ቤት ወረወሩኝ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ሽንት ትሸታለች፤ ሰባት ሰው በጎኑ ተደርድሯል። ካፖርት የለበሱ አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

«ሙያህ ምንድን ነው?»

«ሸማኔ ነኝ፣ አባባ።»

«ፈላሻ ነኝ በለኛ!» አሉ።

ሐር ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ስለ ሐር ሲያወሩ ረሃቡ ራሱ ይረሳል! ዕድሜዬን በሐር ክር ጥበብ ስጥል ኖሬ፣ ክሩን የሚተፋው ትል መሆኑን ከእሳቸው ሰማሁ። ትል!

«ቻይናዎች ምስጢሩን ያወጣውን ይገድሉ ነበር» አሉኝ። «በኋላ መነኮሳት እንቁላሉን በምርኩዝ ውስጥ ደብቀው አሻገሩት።»

«ትሉስ ተሻገረ፣ የተያዝኩት እኔ ነኝ» ብል ክፍሉ ሁሉ ሳቀ።

አንድ ቀን ከሰዓት ዘበኛው መጥቶ ሽማግሌውን «ነገ ጠዋት ለምርመራ ትቀርባለህ» አላቸው። ለምርመራ የወጣ ብዙው አይመለስም። እሳቸውን የጨነቃቸው ግን ሌላ ነው። ሲገቡ ቀበቶና ገመድ ሲሰበሰብ የአንገት ማተባቸውንም ቆርጠውባቸዋል።

«ያለ ማተብ እንዴት እሞታለሁ?» አሉና አንገታቸውን ዳበሱ።

ማተብ የክርስቲያን ምልክት ነው፤ እኛ ቤተ እስራኤሎች አናስርም። አባቴ «ማተብ እሰርና መሬት ውሰድ» ቢሉት፣ እንቢ ብሎ ጭሰኛ እንደሆነ የሞተ ሰው ነው። እኔም ግትር ነኝ። ግን የካፖርታቸውን ገበር አየሁት፤ ሰማያዊ ሐር! እኛ ሸማኔዎች የውጭ ሐር ጨርቅ ስናገኝ ተርትረን ክሩን ለጥበብ እናውለው ነበር።

«ካፖርቱን ያውልቁ» አልኳቸው።

«አንተ? ለእኔ?»

«ያውልቁ እንጂ!»

ጣቶቼ በዱላ አብጠው፣ ከእንግዲህ አልሸምንም ብዬ ነበር። ክሩን እየመዘዝኩ ጭኔ ላይ ሳከረው ታዘዙኝ! «ይሠራሉ! ጣቶቼ ይሠራሉ!» ብዬ ጮህኩ። ሳይመሽ ጨረስኩና በእጄ አሰርኩላቸው።

ጠዋት ዘበኛው አየው። «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?»

«ከቻይና» አሉት። ቀና ብለው ወጡ። አልተመለሱም።

እኔ ተፈትቼ አሁን እስራኤል አገር፣ ፔታህ ቲክቫ ነኝ። የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት የሐር ትሎች በጫማ ካርቶን ይዛ መጣች። የሚበሉትን ቅጠል ከኪርያት ማታሎን ሰፈር ጋራዦች ጀርባ፣ ከቱት ዛፍ እለቅማለሁ። «ሳባ፣ ያላ፣ ርቧቸዋል!» እያለች ታጣድፈኛለች፤ አያቴ፣ ቶሎ በል ማለቷ ነው። ትናንት አንዱ መፍተል ጀመረ። እሷ ዘለለች፤ እኔም ዘለልኩ፣ በዚህ ጉልበት!

ከዚያ ቁጭ ብዬ አንገቴን ዳበስኩ። ባዶ ነው፣ እንደ አባቴ። ለእሳቸው ማሰሬ ግን አንድም ቀን ጸጽቶኝ አያውቅም።