መጀመሪያ "አለ" በል

ቆቦ ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። ምልሰት የሚባለውን የአተራረክ ስልት ሳስረዳ ማን ይችለኛል! "መጨረሻውን ደብቁ፤ ወደ ኋላ ተመለሱና አንባቢውን አንጠልጥሉት" እላለሁ።

አባቴን የዓይኑ ሞራ እንዲገፈፍለት ሮቢት ካለው ቤታችን ወደ ሆስፒታል ያመጣሁት ከእናቴ ጋር ተሟግቼ ነው። "በስተርጅና ዓይኑን ቢላዋ ሊነካው? አንድ ነገር ቢሆን ከራስህ አልወርድም!" ብላኝ እሷ ቀረች። በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ አባቴ ግድግዳው ላይ ያረፉትን ዝንቦች ቆጠረልኝ። በደስታ ልፈነዳ ደረስኩ፤ ደወልኩላት።

"አየ" ብል ምን ነበረበት? አይ አስተማሪነት! ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጀመርኩ።

"እማዬ፣ አባዬ ማሽላ ሲጠብቅ ትዝ ይልሻል? ማማው ላይ ወጥቶ፣ ወንጭፉን ይዞ፣ አንዲት ወፍ ሳታመልጠው..."

"ማን አለ አጠገብህ?" አለችኝ።

"ቆይ፣ ልጨርስልሽ..."

ጩኸት ሰማሁ፤ ስልኩ ተቋረጠ። ብደውል፣ ብደውል የሚያነሳ የለም።

ወይ ጉዴ! እኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው። በቀጥታ አይወረወርም፤ ደጉን ቀን እያነሱ፣ ዙሪያውን እየዞሩ ነው። የዚሁ አገር ልጅ ሆኜ ይህን መርሳቴ!

አባቴን ባጃጅ ላይ ጭኜ ስንደርስ ግቢው በለቀስተኛ ሞልቷል። እናቴ መሃል ቆማ ደረቷን ትደቃለች። አባቴ ዓይኑን አጥብቦ ሰዉን አንድ በአንድ አየና "ለካ ስሞት ይህን ያህል ሰው ይመጣል! ያ ጥግ ያለው ግን እንባ የለውም" አለ። ለቀስተኛው በሳቅ ፈረሰ።

እናቴ ግን ወደ እኔ መጣች። ትከሻዬን በመዳፏ መታችኝ፣ መልሳ አቅፋኝ አለቀሰች። "አንተ ደንቆሮ! መጀመሪያ 'አለ' በል። ከዚያ ዓመቱን ሙሉ አውራ።"

ከዚያ ወዲህ መጨረሻውን አስቀድሞ ከሚነግረኝ ተማሪ ነጥብ መቀነስ ተውኩ። እናቴም ስትደውል "አባትህ አለ" ትላለች፤ ከዚያ ወደ ዝናቡ፣ ወደ ጤፉ፣ ወደ ጎረቤት ሐሜት ትገባለች። አንድ ቀን አላዛነፈችም።

ባለፈው ጥቅምት፣ ጠዋት ክፍል ልገባ ስል ደወለች።

"ልጄ፣ አባትህ ዓይኑ በርቶለት የመጣ ዕለት ትዝ ይልሃል? ያንን እንባ የሌለውን ሰውዬ እንዴት እንዳሾፈበት..."

ጠመኔውን መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩ።

"እማዬ፣ ማን አለ አጠገብሽ?"

"ሁሉም አሉ። አንተ ብቻ ነህ የቀረኸው" አለችኝ።