በጎን የተሣሉ ወታደሮች

ይህ ሥዕል ሁለት የፊት ጥርስና አንድ የጎድን አጥንት አስከፍሎኛል። ቀለሙን አልቆጥርም። ቀለሙን ለሟች ቤተሰቦች ኮሚቴ በመጣበት ዋጋ ሰጥቻለሁ፤ ነጋዴ በመጣበት ዋጋ ሲል ደግሞ ከየት እንደመጣ አይጠየቅም።

ከጎንደር ወጣ ብሎ ባለው የወታደሮች መቃብር አርባ አንድ ሰው ተቀብሯል። አንዱ ታናሽ ወንድሜ ነው። እኛ ቤተሰቦቻቸው የሁሉም መልክ በአጥሩ ግድግዳ ላይ እንዲሣል ተስማማን፤ እኔ ቀለምና ሲሚንቶ ሻጭ ስለሆንሁ ሥራውን አስተባብር ተባልሁ። ሰዓሊው ዕድሜ ልካቸውን ቤተ ክርስቲያን ሲሥሉ የኖሩ የቁስቋም ሽማግሌ ናቸው፤ የኔታ እንላቸዋለን።

የኔታ ግድግዳውን በክንዳቸው ለኩና፣ "ሠላሳ ስድስት ሰው ይይዛል። አምስቱ ይቀራሉ" አሉ።

"ማን ይቀራል?"

"እሱን አንተ ንገራቸው።"

እኔ ሱቄ አልበቃ ሲለኝ ዕቃውን በጎኑ አቆመዋለሁ። "እየሮጡ ሲያጠቁ አድርገው ይሣሉልኝ፤ ሁሉንም በጎን። ቀጭን ይሆናሉ፤ አንድም ሰው አይቀርም" አልኋቸው።

የኔታ ብሩሻቸውን አስቀመጡ። "በጎን፣ ባንድ ዓይን የሚሣለው ማን እንደሆነ ታውቃለህ? ይሁዳ ነው። ሰይጣን ነው። ጌታን የገረፉት ናቸው። ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ነው የሚያይህ።"

"የኔታ፣ ይህ አጥር ነው እንጂ መቅደስ አይደለም።"

"ኃጢአቱ ባንተ ይሁን" አሉና ጀመሩ።

ሥዕሉ ሸጋ ነበር። አንዱ ጠላቱን አንገቱን አንቆ፣ ሌላው አንጀቱን በእጁ ይዞ ይሮጣል። ለደም ብቻ ስድስት ጋሎን ቀይ ሄዷል።

የምረቃው ቀን ፍትሐቱ ሳያልቅ ከትክል ድንጋይ አካባቢ የመጣ አንድ ገበሬ ግድግዳው ሥር ቆመ። ልጁን በአፍንጫው ለየው። አንዱን ዓይን በጣቱ ነካ፤ ሌላኛውን ፈለገ።

"ልጄን ምነው ከይሁዳ ጋር አቆማችሁት?"

ዱላውን በየኔታ ክንድ ላይ አሳረፈው፤ የአጥንቱን ድምፅ ከኋላ የቆሙት ሁሉ ሰሙት። ዱላውን ዳግም ሲያነሣ፣ "አያ፣ ተው፤ ያዘዝሁት እኔ ነኝ" አልሁ። እውነት የተናገርሁበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ይህኛው ጥርሴን ወሰደ።

ከወደቅሁ በኋላ እግር በዛብኝ። የሌላ ሟች እናት "የእኔንም ልጅ!" እያለች ጎኔን በድንጋይ መታችኝ። ዘመዶቿ ሊይዟት ሲሮጡ የገበሬው ወንድሞች ሊመቷቸው የመጡ መሰላቸውና በዱላ ተቀበሏቸው። መቃብሩ ላይ ሰው በሰው ላይ ወደቀ፤ አንዱ ጆሮው ተንጠልጥሎ ሲሮጥ አየሁ። ዘበኛው ሁለት ጊዜ ወደ ሰማይ ተኩሶ አስቆማቸው። ገበሬው ግን አልቆመም። ከመቃብር ቆፋሪው በነጠቀው ዶማ የልጁን ፊት ከግድግዳው እየፈለጠ ነበር።

"ልጄ የሞተው ፊት ለፊት ገጥሞ ነው" አለ፤ "እንዲያ ሣሉት።"

የየኔታ ክንድ እስኪድን ተጠብቆ ግድግዳው ተፋቀ፤ በሁለት ዓይን እንዲሣሉ ተወሰነ። አምስት ቦታ ጎደለ። ዘመድ ያልመጣላቸው አራት ወታደሮች ተለዩ፤ የሚከራከርላቸው አልነበረም። አምስተኛው ላይ ሁሉም ገበሬውን አየ። ገበሬው ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል።

"የነጋዴው ወንድም ይውጣ" አለ።

"አያ፣ ወንድሜ ምን አደረገህ?"

"ምንም። የእኔስ ልጅ ምን አድርጎህ ነበር?"



የተቀበሩት አርባ አንድ ናቸው። የተሣሉት ሠላሳ ስድስት። ወንድሜ አልተሣለም።