ሦስት ጣት እጥፋት

ልብስ ሰፊውን የሰፈሩ ሰው «ባለ ሦስት ጣት» ነበር የሚለው። ስሙን ብቻ ሰምቶ የመጣ እንግዳ መጀመሪያ የሚያየው እጁን ነው። ዐሥሩም ጣቶቹ ሙሉ ናቸው። ነገሩ ወዲህ ነው፤ የልጅ ልብስ ሲሰፋ ከታች ሦስት ጣት የሚሆን ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፎ ይተዋል። ልጁ ሲያድግ እጥፋቱን ተርትሮ ያስረዝምለታል፤ ለዚህም ዋጋ አይጠይቅም።

«አንተ ሰውዬ፣ በዚህ አያያዝህ አንድ ደንበኛ የሚከፍልህ ሁለቴ ነው፤ ሲጠመቅና ሲያገባ!» ይሉታል ጎረቤቶቹ። እሱም አብሯቸው ይስቃል።

ልማዱን ያመጣው ከቤተ ክርስቲያን ነበር። በወጣትነቱ አንድ እሑድ፣ እህሉን የሚያጭድ ሰው የእርሻውን ዳር ለድኻ እንዲተው የሚያዘው ቃል ሲነበብ ሰማ። እሱ ምን እርሻ አለውና! ሰኞ ጠዋት ጠመኔውን ይዞ ጨርቁ ላይ ሲያጎነብስ ግን ዳሩ ታየው።

ሴት ልጁ ዛሬ ነርስ ናት። ያቺን ከፊት ሱቅ፣ ከመጋረጃው ኋላ መኖሪያ የሆነች ክፍል ስታስብ፣ እርጥብ ጨርቅ ላይ ያረፈ የካውያ ሽታ ይመጣባታል፤ ሆዷም ይባባል። ያኔ ግን ታፍር ነበር። ቀሚሷ በተለቀቀ ቁጥር የድሮው እጥፋት መስመር ይቀራል። ጓደኞቿ መስመሮቹን እየቆጠሩ ዕድሜዋን ይነግሯታል።

ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናት አንድ የጨርቅ ነጋዴ መጣ። የትምህርት ቤቶችን ዩኒፎርም ሊያሰፋ ነው፤ ስድስት የስፌት መኪና፣ ዋናው መንገድ ላይ ሰፊ ሱቅ፣ አባቷም ሹም ሊሆን።

«አንድ ነገር ብቻ» አለ ነጋዴው። «ያቺ ሦስት ጣት እጥፋት ትቅር። ጨርቅ ትበላለች። ደግሞስ ልብሱ በየዓመቱ ካላጠረ ማን ይገዛናል?»

ከመጋረጃው ኋላ እናቷ ጆሮዋን ጥላ ታዳምጣለች። አጠገቧ ከጣሪያው የሚንጠባጠበውን የሚቀበል ሳህን ነበር። ልጅቷም አባቷ እሺ እንዲል በልቧ ጸለየች፤ መስመር የሌለው ቀሚስ አምሯት።

አባቷ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ጠቀለለ፤ ፈታ፤ እንደገና ጠቀለለ።

«ወንድሜ፣ ስላከበርከኝ እግዜር ይስጥልኝ። ዳሩ ግን የጨርቁ ዳር የኔ አይደለም። የሰው ንብረት እንዴት አድርጌ ልሽጥልህ?»

ነጋዴው እንደወጣ እናቷ መጋረጃውን ገለጠች። «ደጃችን ድረስ የመጣ ሲሳይ በእግርህ ገፋህ! ጣሪያውን በምን ልትደፍነው ነው፣ በሦስት ጣትህ?»

ሦስት ቀን አኮረፈችው። እሱም ቅዱስ አልነበረምና፣ የነጋዴው አዲስ ሱቅ ሲከፈት ከሩቅ ቆሞ ሲያይ ልጁ አይታዋለች። የዚያን ቀን ወደ ቤት የገባው መዝሙር ሳያንጎራጉር ነው። በማግስቱ መሰላል ተውሶ ጣሪያው ላይ ወጣ፤ በቆርቆሮና በሬንጅ ሲደፍን ውሎ፣ ፊቱ ጠቁሮ፣ መዝሙሩን እያዜመ ወረደ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምን ጎደለን?» አለ።

«ጣሪያ!» አለች እናቷ፤ ሳታስበው ሳቋ አመለጣት።

ከዚያ ወዲያ የቤቱ ጨዋታ ይኸው ሆነ። ማታ ማታ ከጸሎት በኋላ እሱ «ምን ጎደለን?» ይላል፤ እሷ «ጣሪያ!» ትላለች። ጣሪያው ማፍሰስ ካቆመ በኋላም መልሷ አልተለወጠም።

አባቷ ካረፈ ዓመት ሆነው። የመጨረሻ ሥራው ለልጅ ልጁ፣ ለነርሷ ሴት ልጅ፣ የሰፋው ቀሚስ ነው። ዘንድሮ ትምህርት ሊከፈት ሲል ልጅቷ ለበሰችው፤ ከጉልበቷ በላይ ሆነ። ነርሷ ቦርሳዋን አንጠለጠለች።

«የት ልትሄጂ ነው?» አለች እናቷ።

«ቀሚስ ልገዛላት።»

«ቁጭ በይ። ምላጭ አምጪልኝ።»

መነጽሯን አድርጋ ክሩን እያነሳች ተረተረችው። እጥፋቱ ተፈታ፤ ከሥሩ ሌላ እጥፋት ወጣ። እናቷ ሁለቱንም በሦስት ጣቷ ለካች። አልበቃም። አራተኛውን ጨመረች፤ ከዚያ የግራ እጇን ከቀኟ አጠገብ አኖረች። ስድስት ጣት።

«አይ አንተ ሰው» አለች። «ሌላ ቀሚስ ልሰፋላት አልደርስም ብለህ ነው ለካ።» እንባዋ ቀሚሱ ላይ ወረደ።

ነርሷ ማልቀሷን ልታስረሳት ብላ የአባቷን ድምፅ አስመስላ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምን ጎደለን?» አለቻት።

እናቷ የላይኛውን እጥፋት ብቻ ለቀቀች፤ የታችኛውን ለከርሞ ተወችው። መርፌው ውስጥ ክር እያስገባች ቆየች።

«እሱ ብቻ» አለች።