መምህሬን የጣልኩበት ከሰዓት በኋላ

ሰሞኑን ከዲላ ወደ ጪጩ ስሄድ፣ ዝናብ ያራሰው ቀይ አፈርና የታጨደ ሣር ሽታ ከአንድ የመንገድ ዳር ሜዳ መጣብኝ። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አሜሪካዊውን የስፖርት መምህራችንን ጭቃ ላይ የጣልኩበት ቀን ታወሰኝ።

መምህሩ በአገሩ ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው የሚጋፉበትን ጨዋታ ሲጫወት ኖሮ፣ ጉልበቱ ስለተሰበረ ወደ አሠልጣኝነት የዞረ ሰው ነበር። እኛን ማሠልጠን ግን አቃተው፤ አንዱን በጣልን ቁጥር «እኔን!» እያልን ልናነሳው ስለምንቆም፣ ኳሱ ሜዳው ላይ ብቻውን ይቀር ነበር።

አንድ ቀን ታከተውና «ማዘን የለም! በሉ፣ እኔ ላይ ሞክሩ!» ብሎ ኳሱን ታቅፎ ወደ እኔ መጣ። ዓይኔን ጨፍኜ እግሮቹን አቀፍኩ። ወደቀ፤ ጉልበቱንም ይዞ ጭቃው ላይ ቀረ። ያን ጉልበት ዳግመኛ የሰበርኩት መስሎኝ በድን ሆንኩ።

ሽማግሌው የትምህርት ቤት ዘበኛ አባባ ዱካሌ በትራቸውን ጥለው ሮጡ። «እኔን ልጄ!» አሉት መምህሩን፤ ወደ እኔም ዞረው «አንተስ ምን ሆነሃል፣ አስተማሪ መሬት ላይ ይጣላል?» አሉኝ።

መምህሩ ቀና ብሎ ሣቀ። «ጎበዝ! ዛሬ ገና አሠልጣኝ ሆንኩ።»

አባባ ዱካሌ በረጅሙ ተነፈሱ። «ተመስገን በል፤ እጅህንም ስጠው። የጣለ ነው የሚያነሳ» አሉኝ።

ሳነሳው ክብደቱን ሁሉ ትከሻዬ ላይ አሳረፈ፤ ከእፎይታዬ የተነሣ ግን አልከበደኝም። ያን ዕለት የሣቀው በእርግጥ ሳያመው ቀርቶ ይሁን ወይስ ለእኔ አዝኖ፣ ዛሬም ለይቼ አላውቅም።